ዘጠነኛው ጥያቄ

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ንዑስ አንቀጽ» ነው የሚሏት። ቁመቷ አጠር ስላለ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰው መንገድ ላይ «ደኅና ነሽ?» ሲላት እንኳ «ደኅና ነኝ፤ ከጉልበቴ በስተቀር፤ ጉልበት ስል የግራውን ነው» ብላ ሳትዘረዝር አትለቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሕግ ስትጽፍ ኖራለች። ያውም ስለ ነፍስ ግድያ ወይ ስለ ፍቺ ቢሆን ሰው ጆሮውን አቁሞ ይሰማት ነበር፤ የሷ ሕግ ግን ስለ በቆሎ ነው። ግብዣ ላይ አጠገቧ የተቀመጠ ምስኪን «ሥራዎ ምንድነው?» የምትል ቃል ካመለጠችው አለቀለት። ምሳው ሳይነሣ ስለ እህል እርጥበት የማያውቀው ነገር አይኖርም።

ሥራ የጀመረችው በግብርና ፖሊሲ ክፍል ነበር። ክፍሉ ሦስት ጠረጴዛና አንድ አልዘጋ ያለ መስኮት ነበረው፤ በየመሳቢያው የእህል ናሙና ስለሚቀመጥ ከሠራተኛው ይልቅ አይጡ ሰዓት አክብሮ ይገባ ነበር። መጀመሪያ የተሰጣት ሥራ «ደረቅ በቆሎ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ትርጉም መጻፍ ነው። እሷ በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ብላ ነበር። ኮሚቴው ግን ነቀዝ ላይ ሲደርስ አሥራ አንድ ቀን ቆመ። ነቀዝ ባዕድ ነገር ነው ወይስ አይደለም? የሰብል ባለሙያው «ባዕድ ነው እንጂ፤ በቆሎ አይደል!» አለ። የነጋዴዎቹ ተወካይ «እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ እንዴት ባዕድ ይባላል?» ብሎ ሞገተ። ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ይህች አጭር ልጅ እጇን አውጥታ፣ የሞተው ነቀዝ በአንድ ንዑስ አንቀጽ፣ በሕይወት ያለው በሌላ ንዑስ አንቀጽ ይታይ አለች። ሁለቱም ወገን ያሸነፈ መስሎት ወደ ቤቱ ሄደ። ቅጽል ስሙም ያን ቀን ወጣላት።

ጥርሷም ዝነኛ ነው። አንድ ቀን የእርጥበት መለኪያው ተበላሽቶ ነጋዴና ገበሬ መጋዘን በር ላይ ሲጨቃጨቁ፣ ከጆንያው አንድ ፍሬ አንሥታ በጥርሷ ቀጭ አደረገችና «አሥራ አራት ከመቶ» አለች። ሳቁባት። መለኪያው ሲጠገን አሥራ አራት ነጥብ አንድ አለ። ነጥብ አንዷ ያመለጠችኝ ያን ቀን ጥርሴን አሞኝ ስለነበረ ነው እያለች እስከ ዛሬ ትከራከራለች።

ይህን ጥበብ ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሱ ሃያ፣ እሷ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ እናትም አባትም እሱ ሆነ። ጠጉሯን ሲያበጥርላት ገመድ የሚፈታ ይመስል ነበር፤ ግን ያበጥርላት ነበር። የትምህርት ቤቷ ክፍያ የሚደርሰው በቆሎው ሳይደርስ ነውና፣ በየዓመቱ እሸቱን ገና ማሳ ላይ እያለ ለአንድ ነጋዴ ይሸጠዋል። ዋጋውን የሚቆርጠው ነጋዴው ብቻ ነው፤ ሌላ ገዢ የለማ! አንድ ዓመት መከር ሲደርስ የበቆሎ ዋጋ ሦስት እጥፍ ወጣ። ልጅቷ ለዕረፍት መጥታ፣ ወንድሟ የገዛ በቆሎውን እየተሸከመ የነጋዴው መኪና ላይ ሲጭን አየች። ነጋዴው «በርታ እንጂ!» ይለዋል። ወንድሟ ላቡን እየጠረገ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሕግ ለመማር የቆረጠችው ያን ጊዜ ነው፤ ራሷን ብትጠይቋት ግን «ይህ በማስረጃ አልተረጋገጠም» ትላችኋለች።

ስለዚህ የወደፊት ግብይት የሚባል ሐሳብ መጣ ሲባል፣ ማንም ሳይጠራት ወንበሯን ይዛ ስብሰባው ውስጥ ተገኘች። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ገበሬው ገና ዘሩን እየዘራ፣ በመከር የሚያስረክበውን በቆሎ ዛሬ በታወቀ ዋጋ ይሸጣል። በማሳው ዳር የቆመ አንድ ነጋዴ ሳይሆን፣ አዳራሽ ሙሉ ገዢ በአደባባይ ይጫረትበታል። ከዚያ ወዲያ ዋጋው ቢወድቅ አይነካውም፤ ቢወጣም አይቆጨውም። እሺ፣ ትንሽ ይቆጨዋል። ለዚህች ቀላል ነገር ስምንት ዓመት ተሟገተች። «ያልበቀለ በቆሎ እንዴት ይሸጣል?» ያሏትን ሽማግሌ ባለሥልጣን ሁሉ በየቢሯቸው እየሄደች አሰለቸቻቸው። አንደኛው የፈረመላት ሐሳቡ ገብቶት ሳይሆን እንድትወጣለት ብሎ ነው ይባላል። ገበያው ተከፈተ፤ እሷም ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተዛውራ የሕግ ክፍል ኃላፊ ሆነች።

ገበያ ባለበት ደግሞ ብልጣብልጥ አይጠፋም። አንድ ሰው ከተወሰነ ኩንታል በላይ እንዳይገዛ ተከልክሏል፤ አለዚያ ገበያውን ጠቅልሎ ይይዘዋላ። አንዱ ነጋዴ ምን አደረገ? በሾፌሩ ስም ገዛ፣ በጠጉር አስተካካዩ ስም ገዛ፣ አልበቃው ብሎ በአማቱ ስም ገዛ። ንዑስ አንቀጽ አማቲቱን አስጠራቻቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ።

«እማማ፣ አሥር ሺህ ኩንታል በቆሎ ገዝተዋል?»

«እኔ? ጥርስ የለኝ ልጄ፣ በምኔ ልበላው!»

መሥሪያ ቤቱ ለሳምንት ሳቀ። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በዘመድ ጉዳይ ላይ እንቅልፍ አጣች። ወደ ገበያው የሚገባ ሰው በሚሞላው ቅጽ ላይ የዝምድና ጥያቄዎች አስገባች። ደግሞም፣ ሌላውን ስንመረምር እኛስ ብላ፣ የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የቅርብ ዘመድ በገበያው ውስጥ አይሸጥም፣ አይገዛም የሚል ደንብ አረቀቀች። ረቂቁ መጀመሪያ «ባል፣ ሚስትና ልጅ» ይል ነበር። እሷ «ወንድምና እህት» ብላ ጨመረችበት። አንድ የሥራ ባልደረባዋ ገርሞት፣

«አንቺ ራስሽ ገበሬ ወንድም የለሽም እንዴ?» አላት።

«አለኝ። ሲያየኝ ደግሞ ያሰብኩትን ሁሉ ፊቴ ላይ ያነበዋል። ስለዚህ ነው መግባት ያለበት» አለችው። ከዚያም ብሶባት፣ ሠራተኛው ሥራውን ከለቀቀ በኋላ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ክልከላው ይጸናል ስትል ቀዳዳዋን ደፈነች። በዚያን ጊዜ ገበያው ውስጥ የነበሩት ትልልቅ ነጋዴዎች ብቻ ናቸው። ወንድሟን ክልከላው የሚነካው ወረቀት ላይ ብቻ ነበር።

ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ሲቀራት፣ ዕድሜ ልኳን የደከመችበት ነገር ተሳካ፤ ትንንሽ ገበሬዎችም በኅብረት ሥራ ማኅበራቸው በኩል በቆሏቸውን አስቀድመው እንዲሸጡ ተፈቀደ። መመሪያውን የጻፈችው እሷ ናት። ጽፋ ስትጨርስ ብዕሯን አስቀመጠችና ደስታና ድንጋጤ አንድ ላይ መጣባት። በሩን የከፈተችው ለማን ብላ ነበር? ለወንድሟ። የማይገባው አንድ ገበሬ ማን ነው? ያው እሱ።

ሦስት ቀን ሙሉ የገዛ ደንቧን ቀዳዳ ስትፈልግ ሰነበተች። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አነበበችው። ቀዳዳ የለውም። አንድ ጊዜ በራሷ ኮራች፣ አንድ ጊዜ በራሷ ተናደደች። እንግዲህ ደውላ መንገር ነበረባት። ሚኒስትር ፊት የማትንተባተበዋ ሴት ስልኩን ታነሣለች፣ ስለ ዝናቡ ትጠይቃለች፣ ስለ ውኃ ፓምፑ ትጠይቃለች፣ ትዘጋለች። ፓምፑ አርጅቷል። ወንድሟ በዚህ ዓመት በቆሎውን በደኅና ዋጋ ከሸጠ አዲስ ሊገዛ አስቧል፤ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ በባልዲ ውኃ ማመላለስ ወገቡን ቆርጦታል። ይህን ሁሉ እየነገራት እሷ «እሺ ጋሼ፣ በርታ» ብላ ዘጋች። ነገ እነግረዋለሁ እያለች ወር አለፈ።

አንድ ጠዋት ምክትሏ ከንፈሩን ነክሶ አንድ ቅጽ ይዞ ገባ። «ይህን ቢያዩት» አለና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሸሸ። ዘጠነኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚሠራ የቅርብ ዘመድ አለዎት? ካለ ይግለጹ። ለመልሱ የተተወው አንድ መስመር ነው። ወንድሟ መስመሩን ሞልቶ፣ ኅዳጉን ሞልቶ፣ ወደ ጀርባው ዞሮ ነበር። በኅብረት ሥራው ጸሐፊ እጅ የተጻፈ ቢሆንም ድምፁ የሱ ነው። «አለኝ። ታናሽ እህቴ ናት። ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ከአንደኛ ክፍል እስከ መጨረሻው አንደኛ ወጥታለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሁለተኛ ወጣች፣ እሱም ታማ ነው። አሁን እዚያ የሕግ አለቃ ናት። ብርድ አይስማማትምና መስኮት አጠገብ አታስቀምጧት።»

ቀና ብላ መስኮቱን አየች። መስኮት አጠገብ ነው የተቀመጠችው።

እንዲህ ያለ ቅጽ የሚወሰነው በቦርዱ ነው። የዘመዷ ጉዳይ ነውና ከስብሰባው ወጥታ ኮሪደር ላይ ቆመች። ብዙም ሳይቆይ ሰብሳቢው ብቅ አሉ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ደግነታቸው ግን ሥራ ያበዛል።

«ግቢ እስቲ። ቅጹን አነበብነው። ሁለት ሄክታር ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ማንን ይጎዳል? አንቺ ‹ቅር አይለኝም› በይና በልዩ ሁኔታ እናሳልፈው።»

አንድ ቃል ነው የቀራት። «እሺ» ብትል ፓምፑ ይገዛል፣ የወንድሟ ወገብ ያርፋል፣ ማንም አይሞትም። ሁሉም አፏን ያያሉ። እሷ ግን ያየችው ጥርስ የሌላቸውን አማት ነው፤ ለኔ ወንድም ከተከፈተ ነገ የማን አማት ሊመጣ ነው አለች በልቧ።

«ቅር ይለኛል» አለች።

የእምቢታውን ደብዳቤ ምክትሏ እንዲፈርም ማድረግ ትችል ነበር። ከሰው ጀርባ መደበቅ ነውር መሰላትና ራሷ ጽፋ ራሷ ፈረመች። ሁለት ገጽ ሆነ። «በዘጠነኛው ጥያቄ በሰጡት መልስ መሠረት ማመልከቻዎ ተቀባይነት አላገኘም» ይላል። እህት የሚል ቃል ውስጡ የለም፤ መንግሥታዊ ደብዳቤ አይደል! ማኅተም ተደረገበት፣ በፖስታ ሄደ። ስልክ ግን አሁንም አልደወለችም። ደብዳቤው ይነግረዋል አለች፤ ይህ አመካኝቶ መሸሽ ነበር፣ እሷም አላጣችውም።

ከዚያ በኋላ ወንድሟ ስልክ አላነሣ አለ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። የእህቶቻቸውን ስልክ የማያነሡ ወንድሞች በዓለም ላይ ሞልተዋል፤ እሱ ግን ስልኩ ከመጮኹ በፊት የሚያነሣ ሰው ነበር። በዚያ ላይ ዝናቡ በየቦታው አማረ፣ በቆሎው በየማሳው ተንዠረገገ፣ የመከር ዋጋ በግማሽ ወደቀ። የማኅበሩ ገበሬዎች ሁሉ አስቀድመው ሸጠዋልና ቅንጣት አልነካቸውም። የዓመቱ ሪፖርት «ታላቅ ስኬት» አለ። አጨበጨቡላት። እሷ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቃ ፈቃድ ሞላችና አውቶቡስ ተሳፈረች።

ማሳው ጫፍ፣ ፓምፑ ላይ አጎንብሶ በመዶሻ ሲቀጠቅጥ አገኘችው። ጎተራው አጠገብ ያልተሸጠ በቆሎ በጆንያ ተደርድሯል።

«ጋሼ!»

«ማን ልበል?» አለ፣ ቀና ሳይል።

«እኔ ነኛ!»

«ከየትኛው መሥሪያ ቤት?»

እንግዲህ ቻይው። ጫማዋ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ ቆመች። በአውቶቡስ ስትመጣ አምስት ነጥብ አዘጋጅታ ነበር፤ አንዱም አልመጣላት።

«በበቆሎው ነው የተቀየምከኝ?»

«በቆሎ ይወጣል፣ በቆሎ ይወርዳል። በበቆሎ ማን ይቀየማል?» መዶሻውን አስቀመጠ። «ደብዳቤሽን ጸሐፊው ማኅበርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ‹ለአቶ› ይልና የኔ ስም፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም። ግርጌው ላይ ደግሞ የፈረመው ሰው ስም አለ፤ አባቱ ያው አባቴ፣ አያቱ ያው አያቴ! አንዱ ነገረኛ ተነሥቶ ‹ይህች ፈራሚ በአባትም በአያትም ሞክሼህ ናት እንዴ?› አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ምን ልበለው?»

«ጋሼ፣ የደብዳቤ ሥርዓቱ ነው…»

«ሥርዓቱን ተይው። ደውለሽ ‹ጋሼ፣ አይሆንም› ብትዪኝ በሁለት ቃል ያልቅ ነበር። አንቺ ሁለት ገጽ ጻፍሽ።»

እውነቱን ነው። ወደ ኋላም ወደ ፊትም ብታየው እውነቱን ነው። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቀረበችውና፣ ሰባት ወር ያመለጣትን አሁን ተናገረች።

«ጋሼ፣ አይሆንም። የሚመጣው ዓመትም አይሆንም። ጡረታ ወጥቼም አንድ ዓመት እስኪሞላኝ አይሆንም።»

«ጡረታ ወጥተሽም? ይህን ደግሞ ማን ጨመረው?»

«እኔ።»

አያት አያትና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወይ ሚጣ! ያስተማርኩሽ እኔ፣ ማንን እከሳለሁ?» አለ። ኩርፊያው እዚያው ላይ አለቀ፤ እሷም ተነፈሰች።

ይህን ጊዜ የኅብረት ሥራው ጸሐፊ፣ መምጣቷን ሰምቶ ኖሮ፣ ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ እየተቻኮለ ደረሰ። ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ጠና ያለ፣ ጥፋተኛ እንዳይባል የሚፈራ ሰው ነው።

«እትዬ፣ እኔን አይውቀሱኝ፣ በሞቴ! እኔ ነግሬያቸዋለሁ። ዘጠነኛውን ጥያቄ ‹የለኝም› ይበሉ፣ ማንም መጥቶ አያጣራም፣ ብያቸዋለሁ። እንዲያውም ሌላ ንጹሕ ቅጽ ሞልቼ ይኸው አምጥቼላቸው ነበር፤ ጣትዎን እዚህ ላይ ብቻ ያድርጉልኝ ብዬ ለመንኋቸው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም አትልም?» አለ ወንድሟ፣ ፊቱ ቀልቶ።

እሷ ቅጹን ተቀበለችው። በጸሐፊው ጥሩ እጅ ጽሑፍ ሁሉም ተሞልቷል። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ «የለኝም» ይላል። የጣት አሻራው ቦታ ባዶ ነው።

«ጋሼ ምን አለህ?» አለችው ጸሐፊውን።

ጸሐፊው ወንድሟን ፈራ ተባ እያለ አየው። «ምን ይላሉ እትዬ… ‹ለአንድ መከር ብዬ እህት የለኝም ካልኩ፣ በሚመጣው መከር ማን አለኝ ልል ነው?› አሉኝ። ከዚያ ቅጹን መለሱልኝ።»

ሕግ አዋቂዋ ወረቀቱን ይዛ ቆማ፣ እንባዋ መጣ፣ አልጠረገችውም።

«ጋሼ» አለች፣ «እኔ እኮ በደብዳቤው ላይ ካድኩህ።»

ወንድሟ ፓምፑ ላይ ተመልሶ አጎነበሰ። «ነይ፣ ይህን ቱቦ ያዢልኝ» አላት። ጭቃው ውስጥ ተንበረከከችና ያዘችለት።